እህቴን በሰው ቤት የተቀበልኩበት ሳምንት

ይህን ታሪክ ለማንም አውርቼ አላውቅም። ባለቤቴ ታውቀዋለች፣ እሷም አብራኝ ስለነበረች እንጂ እኔ ነግሬያት አይደለም። ዛሬ ለእናንተ የምጽፈው ፍረዱኝ ብዬ አይደለም። ፍርዱን ካገኘሁ ቆይቻለሁ። ምናልባት ከመካከላችሁ እንደኔ ስልክ ሲይዝ ምላሱ የሚረዝም ሰው ካለ ብዬ ነው።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 2013 ነው። ዴንቨር ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። ታክሲ እነዳለሁ። ባለቤቴ መሠረት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። የምንኖረው ግሌንዴል የሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። እሷ ከንጋት በፊት ትወጣለች፣ እኔ ከሰዓት በኋላ ወጥቼ እኩለ ሌሊት እመለሳለሁ። በሳምንት ስድስት ቀን የምንተያየው በር ላይ ስንተላለፍ ወይም አንዳችን ተኝተን ነው። አልተራብንም፣ አልታረዝንም፤ ግን ውል ባደስን ቁጥር ኪራዩ ይጨምራል፣ እኛም ሰዓት እንጨምራለን። ይህን ለማንም አንናገርም ነበር። አሜሪካ ያለ ሰው ደክሞኛል ሲል ማን ያምነዋል?

እህቴ ስንዱ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን የሞተችው በስምንት ዓመቴ ስለሆነ ያሳደገችኝ እሷ ናት ማለት ይቻላል። እትዬ ነው የምላት። የምትኖረው ስዊድን ነው፤ ቬስቴሮስ በምትባል፣ ትልቅም ትንሽም ባልሆነች የሐይቅ ዳር ከተማ። ሥራዋ በየቤቱ እየዞረች አዛውንቶችን መርዳት ነው። በብስክሌት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒታቸውን ታስውጣለች። ከባሏ ከተለያየች ቆይታለች። ልጅ የላትም።

እሑድ እሑድ እንደዋወላለን። ጥፋቱ የተጀመረው እዚያ ስልክ ላይ ነው። እትዬ ስለ ኑሮዋ ስትነግረኝ ጉራ አልነበረባትም፤ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነበር የምትናገረው። የቤቷ ማሞቂያና ውሃ ከኪራዩ ጋር መሆኑን፣ በዓመት አምስት ሳምንት ዕረፍት መውጣቷን፣ ስትታመም ደሞዟ እንደማይቋረጥ። እኔ ታዲያ እቀናለሁ። ታናሽ ወንድሟ ብሆንም አሜሪካ ያለሁት እኔ ነኝ! ስዊድን የሄደ ሰው አሜሪካ የሄደውን እንዴት ይበልጠዋል? አንድ እሑድ ድንገት «ቤት ገዛን እኮ እትዬ» አልኳት። እልልታዋ ጆሮዬን ሊያደነቁረው ምንም አልቀረው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ውሸት ግን እያደር ክፍል ጨመረ። መጀመሪያ ሁለት መኝታ ነበር፣ ለገና ሦስት ሆነ፣ ለፋሲካ ምድር ቤትና ጋራዥ ወጣለት።

በዚያው ዓመት እትዬ በዲቪ ቪዛ አገኘች። ስትሞላ እንኳ አልነገረችኝም። ቪዛዋን ከያዘች በኋላ ደውላ «በሐምሌ ለአንድ ሳምንት እመጣለሁ። ኑሮውን ዐይቼ እወስናለሁ። ከወደድኩት ተመልሼ ሥራዬንም ቤቴንም ለቅቄ ጠቅልዬ እመጣለሁ» አለችኝ።

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፣ እውነቴን ነው። በዚህ ምድር ላይ ያለችኝ እህት እሷ ብቻ ናት፤ አጠገቤ እንድትሆን ከምንም ነገር በላይ እፈልግ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያቺን ባለ አንድ መኝታ ቤት ዙሪያዋን ዐየሁና የነገርኳትን ክፍሎች መቁጠር ጀመርኩ።

ግርማ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ኤርፖርቱ አቅራቢያ፣ ግሪን ቫሊ ራንች በሚባል ሰፈር አዲስ ቤት ገዝቶ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። ያን ክረምት ቤተሰቡን ይዞ ለሁለት ወር አገር ቤት ሊሄድ ሲል ቁልፉን ሰጠኝ። «ሜይሉን ከሳጥኑ ሰብስብልኝ፣ ሳር የሚያጠጣውን ስፕሪንክለር ቼክ አድርግልኝ፣ ሳሩ ከደረቀ የሰፈሩ ማኅበር የቅጣት ደብዳቤ ይልክብኛል» አለ። እህቴ እንደምትመጣና እዚያ ላሳድራት እንደምፈልግ ስነግረው «ምን ችግር አለው፣ ቤትህ ነው» አለኝ። ሐበሻ ለእንግዳ ሁሉ የሚለውን ነው ያለው። እኔ ግን ቃል በቃል ወሰድኩት።

መሠረት ነገሩን እየሰማች ያጠበችውን ልብስ አጥፋ ጨረሰች።

«ለምን እዚሁ አንቀበላትም?» አለች በመጨረሻ።

«ይህን ዐይታ ትመጣለች?»

«ያንን ዐይታ ብትመጣስ የት ታስገባታለህ?»

«አንዴ ትምጣ እንጂ ከዚያ በኋላ እነግራታለሁ። ሦስታችን ከሠራን እኮ ሰፋ ያለ ቤት አያቅተንም።»

«እኔ አፌን እይዛለሁ። ከጠየቀችኝ ግን አልዋሽም፣ እወቀው።»

እትዬ ቅዳሜ ከሰዓት ገባች። ኤርፖርት ላይ ጉንጬን እያገላበጠች ስትስመኝ ፀጉሯ ነጭ መሆኑን ዐየሁ። ከኤርፖርቱ እስከ ግርማ ቤት ዐሥር ደቂቃ አይሞላም። በር ላይ ስንደርስ የጋራዡን መክፈቻ ተጫንኩ፤ የተከፈተው የግራው በር ነው፣ እኔ የቆምኩት በቀኙ ፊት። «ሁልጊዜ ያሳስተኛል» አልኩና ሳቅሁ። ኩሽና ስንገባ መብራት ላበራ ስጫን ከመታጠቢያው ሥር የምግብ ትርፍ መፍጫው አጓራ። መሠረት ቀድማኝ ደርሳ አጠፋችው። እራት ልናቀርብ ጨው ጠፋ። ሦስት ቁም ሣጥን ከፈትኩ፤ አንዱ ውስጥ የልጆች መድኃኒት፣ አንዱ ውስጥ የሕፃን ጡጦ። እኛ ልጅ የለንም።

«የመሠረት ሥራ ነው፣ በየጊዜው ቦታ ትቀያይራለች» አልኩ።

እትዬ ጡጦውን አየት አድርጋ «ደግ ነው» አለችና ተቀመጠች።

የግርማን የቤተሰብ ፎቶዎች አስቀድሜ አውርጄ ምድር ቤት ደብቄያቸው ነበር። ሚስማሮቹን መንቀል ግን ረስቻለሁ። እትዬ ባዶውን ግድግዳ ስታይ «ምንም አልሰቀላችሁም?» አለች።

«ልናስቀባው ነው።»

ውሸቱ ያለ ሐሳብ ይወጣልኝ ጀመር። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው፤ አንድም ጊዜ አልተንተባተብኩም።

ሰኞ ጠዋት ሳር ውሃ ሳጠጣ ጎረቤቱ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ውሻውን ይዞ መጣና በእንግሊዝኛ «ግርማ ከኢትዮጵያ መቼ ነው የሚመለሰው?» አለኝ። እትዬ በረንዳው ላይ ቆማለች። እንግሊዝኛ ደኅና አድርጋ ትሰማለች። «በመስከረም» አልኩት በፍጥነት። ዞር ስል እትዬ ታየኛለች።

«ግርማ ማነው?»

«ቤቱን የሸጠልኝ ሰውዬ ነው። ሽማግሌው ይረሳል፣ አሁንም የሱ ይመስለዋል።»

«ያሳዝናል» አለች። ሽማግሌውን መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ዕቃ ልንገዛ ወደ ጎረቤት ከተማ አውሮራ ወርደን ቻምበርስ ሮድ ላይ ካለ ትልቅ ሱቅ ገባን። መድኃኒት ከሚሸጥበት ጥግ በነጻ የሚለካ የደም ግፊት ማሽን አለ። እትዬ እንዳየችው እጄን ያዘችና አስቀመጠችኝ፤ ልጅ ሆኜ ጥፍሬን ልትቆርጥ እንደምታስቀምጠኝ ሆነብኝ። ማሽኑ ክንዴን ጨምቆ ሲለቀኝ ቁጥሩ ብቅ አለ። እሷ ሙያዋ ስለሆነ ፊቷ ወዲያው ተለወጠ።

«መቶ ሰባ ስምንት። አበራ፣ ይህን ታውቃለህ?»

«ሐኪሜ ያውቃል።»

«መድኃኒት ሰጥቶሃል?»

«አዎ፣ እወስዳለሁ።»

«ኢንሹራንስ አለህ?»

«አለኝ እንጂ እትዬ፣ ምን ነካሽ?»

አልነበረኝም። መድኃኒቱንም ካቆምኩ አምስት ወር ሆኖኛል። ከማሽኑ ስነሳ እጄን ቶሎ አልለቀቀችውም። የምትጠብቀው ነገር ያለ ይመስል ዐይን ዐይኔን ዐየችኝ። እኔ ጋሪውን እየገፋሁ ወደ አትክልቱ ሄድኩ።

ሐሙስ ሥራ አልገባሁም። ወደ ማታ ከቤቱ ጀርባ ተቀምጠን፣ አውሮፕላኖቹ በላያችን ዝቅ እያሉ ሲያልፉ፣ ፀሐይዋም በስተ ምዕራብ ወደ ተራሮቹ ስትጠጋ፣ እትዬ ራሷ ጀመረች።

«እኔ እዚያ ምንም አልጎደለብኝም፣ አበራ። ቤቴ ሁለት ክፍልና ኩሽና ናት። ስንት ዓመት ወረፋ ጠብቄ ነው ያገኘኋት፤ አንዴ ከለቀቅኋት ወረፋው እንደገና ከሀ ይጀመራል። ሥራ ስጨርስ በሐይቁ ዳር በብስክሌት እመለሳለሁ። ማንንም አልፈራም፣ የማንም ዕዳ የለብኝም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ብርዱ ሲገባ፣ በረዶ አንሸራትቶኝ ክንዴ ተሰበረ።»

«አልነገርሽኝም እኮ!»

«ምን ታደርግልኛለህ ብዬ? በደንብ አከሙኝ። ሊያሰናብቱኝ ሲሉ ነርሷ ‹ማን መጥቶ ይውሰድሽ?› አለችኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩ። የአለቃዬን ስልክ ሰጠኋት። ደግ ሴት ናት፣ መጣች። ቤቴ ድረስ አስገባችኝ፣ ሻይ አፈላችልኝ። ከዚያ ሰዓቷን ዐየች።» ፈገግ አለች። «አልተቀየምኳትም። እኔም እንደሷ ነኝ። በየሽማግሌው ቤት ገብቼ ሰዓቴን የማየው እኔ ነኝ። እና አርጅቼ፣ አንዲት ልጅ በብስክሌት መጥታ ሃያ ደቂቃ ቆይታ ስትሄድብኝ ታየኝ። ዲቪውን የሞላሁት በዚያው ሰሞን ነው።»

ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ። 

«ቤቱ አይከብዳችሁም?» አለች ድንገት።

«አይከብደንም።»

«አበራ፣ እኔ እህትህ ነኝ። ቢከብዳችሁ ንገረኝ። ላንተ የሚያሳፍር ነገር ለእኔ አያሳፍርም።»

እዚህ ላይ ቆም ልበልና ልንገራችሁ። አፌን ከፍቼ ነበር። «እትዬ፣ ቤቱ የኔ አይደለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እውነቱን ስትሰማ እንደምትቀር ታሰበኝ። ለምን ትመጣለች? ኪራይ የሚያባርረው፣ መድኃኒቱን ያቋረጠ፣ ሚስቱን በር ላይ የሚያገኝ ወንድም ጋር? ያን ሁሉ ሰላም ጥላ? ፈራሁ። ላጣት ፈራሁ።

«ምንም አይከብደንም እትዬ። ተመስገን ነው» አልኳት።

ከሣሩ አንድ ዘለላ ነቀለች። ከዚያ «እሺ። እንግዲያው አንተ ወስንልኝ» አለች። «ሰኞ የመልቀቂያ ወረቀቴን ላስገባ? ቤቴን ልልቀቅ?»

«ልቀቂው» አልኳት።

መሠረት ከኋላችን በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ወደ ውስጥ ተመለሰች። ስከተላት መኝታ ቤት፣ የግርማና የሚስቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ይህች ሴት ያላት አንድ ቤት ነው» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አስጣልካት።»

«ሳትሄድ እነግራታለሁ።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ፣ መንገድ ላይ።»

አርብን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላስታውስም። ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዋን ጫንኩና ተነሣን። መሠረት ሥራ ስለነበረባት ቤት ተሰነባብተዋል፤ ሲተቃቀፉ ሁለቱም አለቀሱ። መኪናው ውስጥ ንግግሬን አዘጋጅቻለሁ። ግን ነገርኳችሁ፣ መንገዱ ዐሥር ደቂቃ አይሞላም። የመጀመሪያውን መብራት ካለፍን እጀምራለሁ አልኩ፣ ከዚያ ድልድዩን ካለፍን አልኩ፣ ከዚያ ፓርክ ካደረግኩ በኋላ አልኩ።

ፓርክ አድርጌ፣ ሻንጣዋን አስረክበን፣ ወደ ፍተሻው ሰልፍ ስንጠጋ እትዬ ቆመችና ወደ ጎን ሳበችኝ።

«አበራ፣ ወረቀቱን አላስገባም። አልመጣም።»

«ለምን? ትናንት ወዲያ እኮ...»

«ሥራዬ ሰው ቤት መግባት ነው» አለችኝ። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «ሰው በገዛ ቤቱ እንዴት እንደሚራመድ አውቃለሁ። ዐይናቸው የጠፋ አሮጊቶች እንኳ እጃቸውን ሲዘረጉ የበሩን እጀታ አይስቱም። አንተ ያን ቤት አታውቀውም። ከገባሁ ሰዓት ሳይሞላ ገባኝ።»

 ሰው በሁለታችን መካከል ሻንጣ እየጎተተ ያልፋል።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ እንድትነግረኝ። ሳምንት ሙሉ ጠበቅሁህ። መሠረትን እንዳልጠይቃት በባሏ ላይ ላስመሰክራት አልፈለግሁም። እዚያ ማሽን ላይ ጠበቅሁህ። ሐሙስም ለምኜህ ነበር።»

«እትዬ፣ የዋሸሁት እኮ እንድትመጪልኝ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ድኻ ብትሆን እመጣ ነበር። ብትታመምም አስታምምህ ነበር፣ ሥራዬ ነው። ግን ቤቴን ልቀቂው አልከኝ። ስመጣ የት ልታስገባኝ ነበር?»

የትከሻ ቦርሳዋን አቀበልኳት። 

ግንባሬን ሳመችኝ። «መድኃኒትህን ጀምር» አለችኝና ወደ ሰልፉ ገባች። ዞራ እጇን ታውለበልባለች ብዬ እስከ መጨረሻው ቆምኩ። ጫማዋን አውልቃ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠች፣ አለፈች፣ አልዞረችም።

ከዚያ ወደ ግርማ ቤት ተመልሼ ፎቶዎቹን በየሚስማራቸው ሰቀልኩ። የትኛው የት እንደነበር ማስታወስ አቅቶኝ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ግርማ ሲመለስ አንዱ ብቻ ቦታው ተሳስቶ እንዳገኘው በሳቅ ነገረኝ። እኔ አልሳቅሁም።

እትዬ ዓመት ሳይሞላ መመለስ ነበረባት፤ ካልተመለሰች ግሪን ካርዱ ይወድቃል። አልተመለሰችም፤ ወደቀ። እሑድ እሑድ መደዋወላችንን አልተውንም፤ ግን ጨዋታው ሌላ ሆነ። ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች፣ ስለ በረዶው ትነግረኛለች። ስለ ቤት አንድም ጊዜ አንሥታብኝ አታውቅም። ያ ዝምታዋ ከማንኛውም ስድብ በላይ ይገርፈኛል።

የተለወጠ ነገር አለ ትሉኝ እንደሆነ፣ አለ። በዓመቱ ኢንሹራንስ ገባሁ፣ መድኃኒቴን ጀመርኩ። አገር ቤት ያሉ የአክስቴ ልጆች ሲደውሉ ኑሮዬን ሳልጨምርም ሳልቀንስም እነግራቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ አያምኑኝም፣ አንዳንዶቹ መደወል አቁመዋል። የግሌንዴሉ ኪራይ አንገታችን ላይ ሲደርስ ወደ አውሮራ፣ ቻምበርስ ሮድ ወዳለ አሮጌ አፓርትመንት ተዛወርን። ይህንንም ለማንም አልደበቅሁም።

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ አባባሉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ እንደውም ለሌላ ሰው ስመክርበት ኖሬያለሁ። አለማወቅ አልነበረም ችግሬ። እናንተም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ማታ ስልኩ ሲጮህና ወዲያ ያለው ወገናችሁ «እንዴት ነው ኑሮ?» ሲላችሁ ምን እንደምትመልሱ ግን እናንተው ታውቃላችሁ። እኔ እዚያ መልስ ውስጥ እህቴን አጥቻለሁ። በሕይወት አለች፣ ደኅና ናት፣ አሁንም በብስክሌት በየሽማግሌው ቤት ትዞራለች። እኔ ግን አጥቻታለሁ።

ሙሉውን እውነት የነገርኳት ከተለያየን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አንድ እሑድ ሳታስበው ጀመርኩላት። የግሌንዴሉን ቤት ከበሩ ጀምሬ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ሦስት ፎቅ ደረጃውን፣ የጠበበውን ኩሽና፣ አንዷን መኝታ ቤት፣ እኔና መሠረት በር ላይ እንደምንገናኝ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። 

«ብመጣ ኖሮ የት ነበር የምታስተኛኝ?» አለችኝ።

«ሳሎን፣ ሶፋው ላይ።»

«እሱ ይበቃኝ ነበር» አለች።